ተርኪ ፍለጋ ስቴት መሻገር

ጋሽ ደምሴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ታክሲ ነጂ ናቸው። ጸደይ ሲመጣ ታክሲያቸውን አቁመው የዱር ተርኪ ፍለጋ ተራራ እንደሚወጡ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ያውቃል፤ የሚስቅባቸውም አልጠፋ። ማርታ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። የአዳኞችን ትምህርት በኢንተርኔት ጨርሳ ወረቀቷን ይዛለች፣ ያገለገለ ሾትገንም ገዝታለች። የቀራት መሄድ ብቻ ነው፤ የሚያጨቃጭቃቸውም የት እንደምትሄድ ነው። (በወጋቸው ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።)

ማርታ፦ ጋሼ፣ እኔ ቆርጫለሁ። ነብራስካ ነው የምሄደው፤ በሰሜን ምዕራቡ ጥግ ፓይን ሪጅ የሚባል አገር አለ። እዚያ ያለው ተርኪ ሜሪያም የሚሉት ዘር ነው። ጭራውን ሲዘረጋ ዳር ዳሩ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ነጭ የሆነ ጥቁር ኩታ ነው የሚመስለው።

ደምሴ፦ ወፉስ ያምራል። ሒሳቡ ስንት መጣ?

ማርታ፦ መሪ ከያዝኩ ሁለት ሺህ ዶላር ያልፋል። ማደሪያና ምግብ አለበት፤ በግል እርሻ ላይ ነው የሚያስገቡት። አውሮፕላኑ ለብቻው ነው።

ደምሴ፦ ለአንድ ወፍ! በዚያ ብር እኮ የፋሲካውን የቅርጫ በሬ ብቻሽን ትጥዪዋለሽ።

ማርታ፦ ለዚህ አይደል እርስዎ ዘንድ የመጣሁት? መሪውን ትቼ በርካሽ እንዴት እንደሚኬድ ይንገሩኛ።

ደምሴ፦ በርካሽ ከሆነማ ነብራስካን ተዪና ዌስት ቨርጂኒያ ሂጂ። ሞኖንጋሂላ ናሽናል ፎረስት። በ66 መንገድ ወጥተሽ፣ 81ን ነካ አድርገሽ፣ በ48 ተራራውን ከወጣሽ አራት ሰዓት ቢፈጅብሽ ነው ኤልኪንስ ለመግባት። ጫካው ከ900,000 ኤከር በላይ ነው። በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ ባለ እርሻ ለምኜ ልግባ የለ። ከመንገዱ ራቅ ብለሽ ድንኳንሽን ብትተክዪ ለማደሪያ ሳንቲም አትከፍዪም። የኔ ፕሪየስ ደርሶ መልሱን አንድ ጊዜ በሞላሁት ቤንዚን ይጨርሰዋል። ስንቅሽ በሶና ድርቆሽ ነው። ምን ቀረሽ?

ማርታ፦ መሬቱ የማን ቢሆን ነው እንዲህ ዝም ብሎ የሚገባበት?

ደምሴ፦ ያንቺ ነው። ግብር ትከፍዪ የለ? ያ ተራራ ሁሉ አንድ ዘመን የእንጨት ነጋዴ ጨፍጭፎ፣ እሳት በልቶት፣ መላጣውን የቀረ ዳገት ነበር። በ1911 የዊክስ አዋጅ የሚሉት ሕግ ወጣና መንግሥት የተራቆተውን መሬት ከባለቤቶቹ በገንዘብ ይገዛ ጀመር። ሞኖንጋሂላ በ1920 ናሽናል ፎረስት ተባለ። ዛሬ ገብተሽ ቀና ስትዪ ሰማይ የማያሳይሽ ደን ያኔ ጉቶ ነበር። አገር ቤት አደን ድሮ የመኳንንት ነበር፤ አሁን ደግሞ በዶላር ከፍሎ ኒያላ ሊገድል የሚመጣ የውጭ ሰው ነው። እዚህ ታክሲ ነጂ ማለዳ ተነስቶ ይገባል። ይህን አገር ስንት ነገሩን አምቼዋለሁ፤ በዚህ ግን አላማውም።

ማርታ፦ የኔ ከሆነ ታዲያ ዌስት ቨርጂኒያ ከነዋሪው አብልጦ ለምን ያስከፍለኛል? አይቼዋለሁ፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ደምሴ፦ መሬቱ የፌዴራል ነው፤ ወፉ የስቴቱ ነው። ለውጭ ሰው ፈቃዱ ከመቶ ዶላር ከፍ ይላል፤ በላዩ ደግሞ ስታምፕ የሚሏቸው ጥቃቅን ክፍያዎች አሉ። የናሽናል ፎረስቷ ጥቂት ዶላር ናት፤ ግን እሷን ሳይከፍል የገባ ሰው መቶውን ከፍሎም ሕገወጥ ነው። ለምን ያበዙብናል ብለው እኮ የከሰሱ አሉ። ሞንታና ውስጥ ነው፤ ባልድዊን የሚባል መዝገብ። የኤልክ አደን ለውጭ ሰው እጅግ ተወደደ ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በ1978 ይህ መዝናኛ ነው እንጂ መተዳደሪያ አይደለም ብሎ ለስቴቱ ፈረደ።

ማርታ፦ ጫካ ውስጥም መጤ ነን ማለት ነው።

ደምሴ፦ ፔንሲልቬኒያ ተወልዶ ፔንሲልቬኒያ ያረጀውም ሰውዬ እዚያ እንዳንቺው መጤ ነው። እንዲያውም በዚህ አገር ከፈረንጅ ጋር እኩል መጤ የሆንኩት እዚያ ቦታ ብቻ ነው፤ ደስ እያለኝ ነው የምከፍለው።

ማርታ፦ መጤ ካሉ፣ ቢኒያም የሚባል ልጅ አብሬሽ ልሂድ ብሎኛል፤ ገና ተማሪ ቪዛ ላይ ነው። እኛ ግሪን ካርድና ዜግነት ያለን ችግር የለብንም፤ እሱስ?

ደምሴ፦ በቪዛ ያለ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም፤ በሕግ ከተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ግን ስቴት የሰጠው፣ ቀኑ ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ኪሱ ሳይገባ የአንቺን ጠመንጃ ከመኪና እንኳ እንዳያወርድልሽ። ከዚያም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ። ለአንድ ወፍ ብሎ ወረቀቱን እንዳያበላሽ።

ማርታ፦ እሺ። ወደ ነብራስካ ልመልስዎት። አሁን ካልተዘጋጀሁ አላገኘውም። ነብራስካ ከ2023 ጀምሮ ለውጭ ሰው የሚሸጠውን የጸደይ ፈቃድ በ10,000 ወስኖታል። ካንሳስ ጭራሽ ከ2024 ወዲህ ዕጣ አድርጎታል። ድሮ ሰዉ መኪናውን አስነስቶ ሲደርስ ነበር የሚገዛው።

ደምሴ፦ ወፉ ቀነሰ፤ ሰዉ በዛ። የተርኪን ታሪክ ነግሬሽ አውቃለሁ? ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር እኮ። መጀመሪያ በቤት እየፈለፈሉ ያሳደጉትን ወስደው ዱር ለቀቁት። ወዲያው አውሬ ጨረሰው፤ እናቱ ያላስተማረችው ወፍ ጠላቱን ከየት ይወቅ? መላው የተገኘው ዱር የተወለደውን በመረብ ይዞ ተርኪ የሌለበት ተራራ ላይ መልቀቅ ነበር። መረቡ በመድፍ ተወንጭፎ መንጋው ላይ ይወድቃል። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በ1951 እንደዚያ አድርገው ያዙ፣ ከዚያ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ብሔራዊው የተርኪ ማኅበር በ1973 ሲቋቋም 1.3 ሚሊዮን ያህል ነበር የሚባለው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትዪ፣ ከፈቃድ ክፍያና ከጠመንጃ ቀረጥ። ያንን ሾትገን አዲስ ሳለ የገዛው ሰው በ1937ቱ አዋጅ ለዱር እንስሳት የተመደበውን 11 በመቶ ቀረጥ በዋጋው ውስጥ ከፍሎበታል። አሁን ግን በብዙ ስቴት ቁጥሩ ወደ ታች ነው፤ ጫጩት አያድግም፣ ጎጆው ይበላል። ስለዚህ ፈቃድ ቢገድቡ አልፈርድባቸውም።

ማርታ፦ እኔም አልፈርድም። በጊዜ እገዛለሁ ነው የምለው።

ደምሴ፦ ሒሳቡን ከየት ነው የጀመርሽው?

ማርታ፦ ከአውሮፕላን ቲኬቱ።

ደምሴ፦ እዚያ ላይ ነው የተሳሳትሽው። እኔ ከጠፋው ቀን ነው የምጀምረው። ፈቃዱ ያው አንድ ጊዜ ነው፤ ቤንዚኑ ያው ነው፤ ምግብ እቤትሽም ትበያለሽ። ውዱ ነገር ያልሠራሽበት ቀን ነው። ታክሲ ቆመ ማለት ገቢው ቆመ ማለት ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን አይቆምም። ነብራስካ ለመሄድ አንድ ቀን፣ ለመመለስ አንድ ቀን፣ ለማደን ቢያንስ አራት ቀን። ዌስት ቨርጂኒያ ከሆነ እሑድ ማታ ወጥቼ፣ ሰኞና ማክሰኞ አድኜ፣ ረቡዕ የኤርፖርት ሥራ ላይ ነኝ። ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ ታክሲም ሥራ የለው፣ ጫካውም ሰው የለው።

ማርታ፦ ይሄ የእርስዎ ሒሳብ ነው ጋሼ። እኔ የምሠራው በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በአንዱ ሳምንት እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ሠርቼ በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ላይ ካስመደብኩ በመሐል ስምንት ቀን አለኝ። የሁለቱም ሳምንት ሰዓቴ ሙሉ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልከስርም፣ የዓመት ፈቃዴንም አልነካም።

ደምሴ፦ ስምንት?

ማርታ፦ ከረቡዕ እስከ ረቡዕ። ይቁጠሩት።

ደምሴ፦ ...ይሄስ ደግ ነው። ነርስ ሆኜ በነበር።

ማርታ፦ እንግዲህ ለእርስዎ ውድ የሆነው ቀን ለኔ ነፃ ነው። እስከ ዴንቨር ቲኬቱን ባጠራቀምኩት ማይል እቆርጣለሁ። እዚያው ጎን፣ ኦሮራ ከተማ፣ አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፤ መኪናዋን አበድርሻለሁ ብላኛለች። ከዚያ ፓይን ሪጅ እስካለችው ቻድሮን አምስት ሰዓት ያህል ነው፤ እዚያም ናሽናል ፎረስት አለ፣ እዚያም ድንኳን በነፃ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ዌስት ቨርጂኒያ በጸደይ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ማደን ክልክል ነው። ነብራስካ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይፈቀዳል። እርስዎ የሁለት ቀን ከፍለው አንዱን ቀን ነው የሚያድኑት።

(እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ማርታ አሸንፋለች። ስለ ርካሽ አደን የሚመክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የፈቃዱን፣ የቤንዚኑንና የማደሪያውን ዋጋ ደምረው ያቆማሉ፤ ደመወዙ በሰዓት የሚታሰበውንና የወር ደመወዝተኛውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጧቸዋል። መሪ መቅጠርም ለሁሉም ሰው ብክነት አይደለም። ጉልበቱ የደከመ ወይም በዓመት ሁለት ቀን ብቻ የሚያገኝ ሰው ቅኝቱን በገንዘብ ቢገዛ ያስኬዳል። ማርታ ግን ሁለቱንም አይደለችም።)

ደምሴ፦ ከሰዓቱን እኮ እኔ አላባክነውም። ያኔ ነው የምተኛው፤ ከዚያ ተነስቼ ለማግስቱ አገር እቃኛለሁ። ለማንኛውም ጠመንጃሽን በአውሮፕላን እንዴት ልትወስጂው ነው?

ማርታ፦ አንብቤዋለሁ። ጥይት ሳይኖርበት፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን፣ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር። ቆጣሪው ላይ ጠመንጃ አለኝ ብዬ አስታውቃለሁ፤ ቁልፉ ከኔ አይለይም። ጥይቱ በፋብሪካ ማሸጊያው ይሆናል፤ አብዛኛው አየር መንገድ እስከ 5 ኪሎ ይፈቅዳል። እኔ የምፈልገው አንድ ፓኬት ነው።

ደምሴ፦ እዚሁ በወረቀት ላይ የሞከርሽውን ያንኑ ጥይት ያዢ፤ እዚያ ደርሰሽ ሌላ ዓይነት እንዳትገዢ። 40 ያርድ ላይ ወረቀት ሰቅለሽ ተኩሺ፤ ፍሬው ከተበተነብሽ ርቀትሽ 30 ነው ማለት ነው። ያንን ተንግስተን የሚሉትን ውድ ጥይት ደግሞ ተዪው። ቁጥር 5 የእርሳስ ጥይት በ40 ያርድ ውስጥ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መተኮስ የለብሽም። ከመግደል ይልቅ አቁስሎ መልቀቅ ይበዛዋል።

ማርታ፦ ታዲያ ፈቀዱልኝ?

ደምሴ፦ አልፈቀድኩም። ተርኪ ሲጮኽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ማርታ፦ በቪዲዮ።

ደምሴ፦ እሱን ነው የምልሽ። ነብራስካ ሄደሽ ወፉ ካመለጠሽ የምትመለሺው በዓመቱ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ካመለጠሽ በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሻለሽ፤ ፈቃድሽ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። የሚያስተምርሽ ማምለጡ ነው። 1,600 ማይል ሄዶ ፊደል መቁጠር ምን ይሉታል?

ማርታ፦ ...እሺ፣ ይሄ ያስኬዳል። መቼ ይሻላል? ጾሙስ?

ደምሴ፦ እሱ ነው ዋናው። የጸደዩ አደን ኤፕሪል አጋማሽ ካለፈ በኋላ ይከፈትና አምስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ነው፤ ሲከፈት ገና ሁዳዴ ላይ ነን። በጾም ገድለሽ ፍሪጅ ውስጥ እያየሽው ልትሰነብቺ ነው?

ማርታ፦ እማዬም ፍሪጇ ውስጥ አታስገባውም።

ደምሴ፦ አታስገባውም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አዳኞቹ ደግሞ በመክፈቻው ሳምንት ተጋፍተው፣ ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ከሁሉም በላይ በሜይ ሴቶቹ እንቁላል ላይ ይቀመጣሉ። አውራው ብቻውን ይቀራል። ኤፕሪል ላይ ሴቶች ከበውት የናቀው ጥሪ፣ ሜይ ላይ እየሮጠ ያመጣዋል። ቅጠሉ ስለሚለመልም ግን ሩቅ አታዪም፤ መዥገሩም ያኔ ነው የሚነሳው።

ማርታ፦ መዥገሩን ለኔ ይተዉት። ሱሪውና ካልሲው ላይ ፐርሜትሪን ይነፋና ይደርቃል፤ ቆዳ ላይ አይደለም፣ ልብስ ላይ። ማታ ማታ ደግሞ ብብትና ጉልበት ሥር ይታያል። ላይም የሚሉትን በሽታ ችላ ብለው የሚመጡ ሰዎችን እኔ ነኝ የማያቸው። እርስዎ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ያስገባሉ?

ደምሴ፦ ከዛሬ ጀምሮ አስገባለሁ።

ማርታ፦ ቦታውን በምን እንምረጥ? ስልኬ ላይ የሕዝቡንና የግሉን መሬት በቀለም የሚለይ ካርታ አለኝ።

ደምሴ፦ ጥሩ ነገር ነው፤ ድንበር አያሳስትም። ግን እቤት ሳለሽ ስልክሽ ላይ አውርጂው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ግሪን ባንክ ከወረድሽ ስልክ ብሎ ነገር የለም። ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ፤ እሱን እንዳይረብሽ አካባቢው ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ነው። ወረቀት ካርታም ያዢ። በካርታው ላይ የምትፈልጊው ለመኪና የተዘጋ የጫካ መንገድ ነው። በሩ ጋ አቁመሽ በእግርሽ አንድ ማይል ግቢ፤ አብዛኛው ሰው እዚያ አይደርስም። ከዚያ አሮጌ ማሳ ወይም የተቆረጠ ጫካ ከኦክ ሸንተረር ጋር የሚገናኝበትን እዪ። ምግብሽን ድንኳን ውስጥ አታሳድሪ፤ ጥቁር ድብ አለ።

ማርታ፦ ሌሊቱን ነው የምንገባው?

ደምሴ፦ ከዋዜማው ነው የሚጀመረው። ሲመሽ ሸንተረሩ ላይ ቆመሽ አዳምጪ። ተርኪ የሚያድረው ዛፍ ላይ ነው፤ ሲወጣ ክንፉ ቅርንጫፉን ሲመታ ይሰማል። ጸጥ ሲል የጉጉት ድምፅ ታሰሚያለሽ። አውራው ከሆነ ሳያስበው ይመልስልሻል፤ ደንግጦ ነው። የት እንዳደረ አወቅሽ ማለት ነው፤ ትተሽው ሂጂ። ማለዳ ጨለማው ሳይገፈፍ ወደ መቶ ያርድ ድረስ ቀርበሽ፣ ከትከሻሽ የሚሰፋ ግንድ መርጠሽ ተደገፊው። ግንዱ ቅርጽሽን ያጠፋዋል፤ ከኋላ የሚመጣ ሌላ አዳኝም ቢሳሳት ጀርባሽን ይሸፍንልሻል።

ማርታ፦ ከዚያ እጠራለሁ።

ደምሴ፦ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጉልበትሽን አጥፈሽ ጠመንጃውን እላዩ አስደግፊ፤ በኋላ መነቃነቅ የለም። ያቺን የእንጨት ሣጥን መጥሪያ ክዳኗን ጠመኔ ቀቢና ጎኗ ላይ በቀስታ ፈትጊያት። ሴቷ ዛፍ ላይ ሆና ስትነቃ የምታሰማው ልስልስ ያለ ድምፅ አለ፤ እሱን ሁለቴ ሦስቴ። ከመለሰልሽ ሣጥኗን መሬት አስቀምጫት። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በመለሰለት ቁጥር ይጠራል። በተፈጥሮው አውራው ቆሞ ይጮኻል፣ ሴቷ ናት የምትሄድለት። አንቺ ሥርዓቱን ገልብጠሽ ና እያልሽው ነው። አብዝተሽ ከጠራሽ እየመጣች ነው ብሎ ባለበት ይቆማል። ዝም ስትዪ ምን ነካት ብሎ ይመጣል።

ማርታ፦ ሲመጣ አየዋለሁ?

ደምሴ፦ ቀድሞ የሚሰማሽ ከበሮው ነው፤ ደረቱ ውስጥ የሚያጉረመርመው ድምፅ፣ ከጆሮሽ ይልቅ ደረትሽ ነው የሚሰማው። ከዚያ ራሱ ብቅ ይላል፤ ግንባሩ ነጭ፣ ፊቱ ሰማያዊ፣ አንገቱ ቀይ። ከደረቱ ላይ ጢም የመሰለ ፀጉር ይንጠለጠላል፤ በጸደይ የሚፈቀደው ጢም ያለው ብቻ ነው፤ ጢሙን ሳታዪ ጣትሽ ምላጩን እንዳይነካ። ሽታ አያውቅም፤ ዓይኑ ግን ቀለም ይለያል፣ ዙሪያውን ያያል። ቆቅ ነው። ጠመንጃ ማዞር ካለብሽ ራሱ ከዛፍ ጀርባ ሲገባ ብቻ። ራሱን ቀና ሲያደርግ የአንገቱን ሥር አልሚ።

ማርታ፦ ቀይና ሰማያዊ ልብስ ክልክል ነው የሚሉት ለዚህ ነዋ።

ደምሴ፦ ነጭም ጨምሪበት። መሐረብ እንኳ ነጭ አይያዝም። ያቺን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የእጅ ማሰሪያሽንም ፈትተሽ ነይ። ሌላም፣ ተርኪ ሰማሁ ብለሽ ተነስተሽ ወደ ድምፁ እንዳትሄጂ፤ ድምፁ እንዳንቺው ሣጥን የሚፈትግ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰው ሲመጣ ካየሽ ደግሞ እጅሽን አታወዛውዢ፤ ጮክ ብለሽ በሰው ቋንቋ ተናገሪ።

ማርታ፦ በአማርኛ?

ደምሴ፦ በአማርኛም ቢሆን ተርኪ አለመሆንሽ ይገባዋል።

ማርታ፦ ከወደቀ በኋላስ ጋሼ? እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። መታረድ አለበት። እማዬ ያልታረደ አትበላም።

ደምሴ፦ ይንደፋደፋል፤ ክንፉ ጉልበት አለው፣ እግሩ ላይ ያለው ሹልም ይቧጭራል። ጠመንጃሽን ቆልፈሽ ነው የምትነሺው። አንገቱን በእግርሽ ያዢና፣ በስመ አብ ብለሽ፣ በቢላ።

ማርታ፦ እኔ? ሴት ታርዳለች?

ደምሴ፦ ...

ማርታ፦ እማዬ እኮ ዶሮ ይዛ በር ላይ ቆማ የሚያልፍ ወንድ ስትለምን ነው ያደግኩት። የጎረቤት የስምንት ዓመት ልጅ ተጠርቶ ያረደበት ቀን አለ፤ እሷ እግሩን ይዛለት። ዶሮ አርዳ አታውቅም።

ደምሴ፦ ጫካ ውስጥ ማን ያልፍልሻል? እኔ አጠገብሽ ካለሁ እኔ አርዳለሁ። ብቻሽን ከሆንሽ ትንፋሹ ሳይወጣ አንቺው ትደርሻለሽ። ቀድሞ ከሞተብሽስ ምን ይሁን ካልሽ ለንስሐ አባትሽ ነው፤ እኔ አልፈርድም። ለእናትሽ ማን እንዳረደው መንገር የአንቺ ፈንታ ነው።

ማርታ፦ እነግራታለሁ እንጂ! እሷ ላይ ነው የሚጀመረው።

ደምሴ፦ እንግዲያው ወጡን ራስሽ ትሠሪያለሽ። ለነገሩ አሥራ ሁለት ብልት ብላ ብትገነጥለውም አይሆንላትም። የዱሩ ጭን ጅማቱ እንደ ሽቦ የደረቀ ነው፤ ቀይ ሽንኩርቱ ላይ ለብቻው ብዙ ሰዓት ካልተንተከተከ አይበላም። ደረቱ ግን ለጥብስ ነው፤ ሳይበዛበት ቶሎ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱ። ስምሽን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን የጻፍሽበትን እግሩ ላይ እሰሪ፤ በስልክ ወይም በኢንተርኔት አስመዝግበሽ ቁጥር ተቀበዪ። ሳያስመዘግቡ ስቴት ማሻገር የላሲን አዋጅ ይነካል፤ በ1900 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በስቴት ቅጣት የሚያልቀው ነገር ድንበር ሲሻገር የፌዴራል ክስ ይሆናል።

ማርታ፦ እሺ፤ እንዲህ እናድርገው። ሜይ ላይ፣ ፋሲካው ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ስምንት ቀኔን አወጣለሁ። እርስዎ ሰኞና ማክሰኞን አብረውኝ ይሁኑ፤ ማክሰኞ ማታ በታክሲዎ ይመለሱ፤ እኔ በራሴ መኪና መጥቼ ረቡዕን ብቻዬን እቀራለሁ።

ደምሴ፦ ብቻሽን?

ማርታ፦ ነብራስካስ ከማን ጋር ልሄድ ኖሯል? በ2028 ደግሞ ፋሲካ ኤፕሪል 16 ነው፤ አይቼዋለሁ። የነብራስካ የሾትገን አደን ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ተከፍቶ እስከ ሜይ መጨረሻ ይዘልቃል። ጾሙ ከመንገዴ ላይ ተነሳ ማለት ነው። ፈቃዱ ጃንዋሪ ላይ ለሽያጭ ሲወጣ እገዛለሁ።

ደምሴ፦ ጃንዋሪ ታክሲም ይቀዘቅዛል። ...ያቺ ኦሮራ ያለችው ጓደኛሽ ባል አላት?

ማርታ፦ አላት። ለምን?

ደምሴ፦ ሳሎን ለመተኛት ማንን እንደማስፈቅድ ልወቅ ብዬ ነው። አንድ ፈቃድ ትገዢ እንደሆነ ሁለት ግዢ።

ማርታ፦ የጠፋው ቀንስ?

ደምሴ፦ ግዢ አልኩሽ፤ እስከዚያ እሠራበታለሁ።